እናቴ ኬሞ ከወሰደች 6 ቀኗ ነው፣ ሆዷ ድርቅ ብሏል። «ጥሩ ባክቴሪያ» የሚባለውን ካፕሱል ልስጣት?

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እዚህ መቼም የካንሰር ታካሚ ያስታመመ ሰው አይጠፋምና በናታችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር ነው ያሏት፣ ቾፕ የሚባለውን ኬሞ በየ21 ቀኑ ነው የምትወስደው፣ ከ6ቱ ዙር ሶስተኛውን ባለፈው ሐሙስ ወሰደች። ማስታወኩ እንደፈራነው አልሆነም፣ ፀጉሯንም እሺ ብላ ተቀብላዋለች፣ ሻሿን አስራ ቤተክርስቲያን ትሳለማለች። መከራ ያሳየን ማንም ያላስጠነቀቀን ነገር ነው፣ ድርቀት። ዛሬ 6ኛ ቀኗ ነው ምንም የለም። ባለፈው ዙር በ5ኛው ቀን እያለቀሰች ወጣላት፣ ትንሽ ደምም ነበረው።

የምንኖረው ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ግቢ ውስጥ ነው፣ ሽንት ቤቱ ለ4 አባወራ አንድ ነው፣ ጠዋት ወረፋ አለ። እሷ ደግሞ ሰው ውጪ ቆሞ እየጠበቀኝ አይሆንልኝም ትልና ጆጓን ይዛ ትመለሳለች። ማታ እንዳትነሳ ብላ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ውሃ አትቀምስም። የምትውጠው መድኃኒት ብዙ ነው፣ ለማቅለሽለሹ ኦንዳንሴትሮን በቀን ሁለቴ፣ 5 ቀን ፕሬድኒሶሎን፣ ሌላም አለ። ሆስፒታል ስንጠይቅ «ውሃ ትጠጣ፣ አትክልት ትብላ» ብለው ሸኙን፣ ወረፋው ረጅም ስለነበር እኔም አልተከራከርኩም።

አሁን የአክስቴ ልጅ ከውጭ ፕሮባዮቲክ የሚባል ካፕሱል ላከችልን፣ ጠርሙሱ ላይ 50 ቢሊዮን ባክቴሪያ ይላል። ኬሞው የሆዷን ጥሩ ባክቴሪያ ፈጅቶባት ነው፣ ይሄ ይመልስላታል አለችኝ። እውነት ነው? ጎረቤታችን ደግሞ ከስር ይታጠብላት ትላለች፣ አንዷማ ኮሶ እስከማለት ደርሳለች። ግራ ገብቶኛል፣ እባካችሁ የሚያውቅ ሰው።

ጠጅ ሳር

የኔ ልጅ እግዜር እናትህን ይማርልህ። ለድርቀት እንደ ተልባ የለም። ማታ ሁለት ማንኪያ ተልባ በብርጭቆ ውሃ ዘፍዝፈህ ታሳድራለህ፣ ጠዋት ዝልግልግ ይላል፣ በባዶ ሆድ ጭልጥ ታድርገው። ወይም ቆላ አድርገህ ወቅጠህ በማር። እኔ ልጆቼን ስወልድ ሁሌም በሱ ነው የዳንኩት። የቤት እርጎም ስጣት፣ የሱሉልታ ወተት የምታመጣ ሴት ካለች ከሷ አርገው፣ የሱቁ እርጎ እኮ ስሙ ብቻ ነው። ባክቴሪያ ምናምን ለሚሉት እርጎ ራሱ ባክቴሪያ አይደል እንዴ። ኮሶን ግን በስመ አብ በል፣ እሱ ለኮሶ ትል ነው፣ ጤነኛውንም አልጋ ላይ ይጥላል።

ከባንኮኒ ጀርባ

ሰላም፣ ፋርማሲስት ነኝ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምሰራው፣ ኬሞ የሚወስዱ ብዙ ደንበኞች አሉኝ። ከምንም በፊት 4 ነገር መልሽልኝ (ወይ መልስልኝ)። አየር ይወጣታል? ታስታውካለች? ሆዷ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ሆኗል ወይስ ለስላሳ ነው? የጣቶቿ ጫፍ ይደነዝዛታል ወይ፣ ቁልፍ መቆለፍ ምናምን ያስቸግራታል? አየር ካቆመ፣ ወይ ካስታወከች፣ ወይ ሆዷ ከተነፋና ህመሙ ከጠና፣ ወይ ትኩሳቷ 38 ከገባ የኔን መልስ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ውሰጃት፣ አንጀት ተዘግቶ ወይ ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ይችላል።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ

ሴት ነኝ ጠጅ ሳር እናቴ ሃሃ፣ አሜን ያድርግልኝ።

ከባንኮኒ ጀርባ፦ አየር ይወጣታል፣ አላስታወከችም፣ ትኩሳትም የለም፣ ሆዷ ሞላ ብሏል ግን ስነካው አያማትም። የጣቱን ነገር እንዴት አወቅክ??? ባለፈው እሁድ ቡና እየቀዳች ሲኒው ከእጇ አመለጠ፣ ሁለተኛ ሲኒ ነው በዚህ ወር የተሰበረው፣ እኛ እርጅና ነው ብለን ስቀን አለፍነው። የሹራቧን ቁልፍም እኔ ነኝ የምቆልፍላት።

ከባንኮኒ ጀርባ

ሲኒውና ድርቀቱ አንድ ነገር ናቸው በያቸው። ቾፕ ውስጥ ካሉት 4 መድኃኒቶች አንዱ ቪንክሪስቲን ይባላል። የካንሰር ሴል ለሁለት ሲከፈል የሚጠቀምበትን እንደ ሀዲድ ያለ ቀጭን ክር ነው የሚያፈርሰው፣ ችግሩ ጤነኛው ነርቭም ምግቡን እስከ ጫፉ የሚያመላልሰው በዛው ዓይነት ሀዲድ ነው። ስለዚህ ረጃጅሞቹ የእጅና የእግር ነርቮች ይደነዝዛሉ፣ አንጀትን ግፋ የሚሉት ነርቮች ደግሞ ይሰንፋሉ። (በነገራችን ላይ ይሄ መድኃኒት የተገኘው ሰው ለውበት ግቢው ከሚተክላት ቀለሟ ሮዝ ከሆነ አንዲት አበባ ነው፣ አበባዋን አይታችሁ ግን ሻይ እንዳታፈሉ።) በላዩ ኦንዳንሴትሮን አለ። ሰውነታችን ከሚሰራው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ገደማው የሚሰራው አንጀት ውስጥ ነው፣ ኦንዳንሴትሮን የሚዘጋው ደግሞ የሴሮቶኒንን አንዱን በር ነው፣ ማቅለሽለሹ ይቆማል፣ አንጀቱም አብሮ ይተኛል። እንቅስቃሴ ቀንሷል፣ ምግብ ቀንሷል፣ ውሃ በ11 ሰዓት ይቆማል፣ ሽንት ቤቱ ወረፋ አለው። በዚህ ሁሉ ላይ ባይደርቅ ነበር የሚገርመኝ። ለህመም ማስታገሻ ትራማዶል ወይ ሞርፊን የምትወስድ ከሆነም ንገሪኝ፣ እነሱ ለብቻቸው ያደርቃሉ።

ስለዚህ ዋናው ጥፋተኛ የባክቴሪያ ማለቅ አይደለም። የአክስትሽ ልጅ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ኬሞ፣ በተለይ አንቲባዮቲክ ከታከለበት፣ የአንጀት ባክቴሪያን ዓይነቱን ያሳንሰዋል፣ እነሱ ደግሞ የማንፈጨውን የእህል ገለባ አብላልተው የትልቁን አንጀት ግድግዳ የሚመግብ አሲድ ይሰሩልናል፣ አንጀት ሴሮቶኒን እንዲሰራም ይቀሰቅሳሉ። በተቃራኒውም ይሄዳል፣ ሰገራ ቆይቶ ሲደርቅ ራሱ እዛ የሚኖረውን ባክቴሪያ ይቀይረዋል። ግን ቁጥሩን እዪው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ስሌት አንድ ሰው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ 38 ትሪሊዮን ገደማ ነው፣ ካፕሱሉ 50 ቢሊዮን ነው፣ ከ700 አንድ እንኳን አይሞላም። አብዛኛውም አልፎ ሂያጅ ነው፣ መዋጡን ስታቆሚ ይሄዳል። ፕሮባዮቲክ ካንሰር ታካሚ ላይ ብዙ የተጠናው ለተቅማጥ ነው፣ ቪንክሪስቲን ላሰነፈው አንጀት ይሰራል ብዬ ልሸጥልሽ አልችልም።

ከዛ ዋናው የምፈራው ቀኑን ነው። ከኬሞ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን አካባቢ ኢንፌክሽን የሚከላከልልን ነጭ የደም ሴል ወደ ታች የሚወርድበት ነው፣ እናትሽ ነገ እዛ ውስጥ ትገባለች። በዚህ ሰዓት ህያው ባክቴሪያ ወይ እርሾ በካፕሱል መስጠት፣ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፣ ግን ወደ ደም ገብቶ ኢንፌክሽን የሆነባቸው ታካሚዎች አሉ፣ በተለይ ደም ስራቸው ውስጥ ቋሚ ቱቦ የገባላቸው። ስለዚህ ሐኪሟ እሺ ሳይል አትክፈቺው። ጠጅ ሳር እናቴ ይቅርታ አርጊልኝ፣ ካልተፈላ ወተት የተሰራ እርጎና አይብም ለዚህ ሳምንት ይቅር። ከስር የሚገባውም፣ ኢኔማ (በፈሳሽ ማጠቡን) በይው ሳፖዚተሪ (ከስር የሚገባውን ክኒን)፣ ነጭ ሴልና ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው) ወርዶ ከሆነ አይነካም፣ ትንሽ ጭረት ብትፈጠር ለጀርም በር ነው፣ ፕላትሌት ካነሰ ደግሞ ደሙ አይቆምም። ጎረቤትሽ በቅን ልብ ነው ያለችው ግን እምቢ በይ።

ተልባው ክፉ አይደለም፣ ግን አሁን አይደለም። ከ6 ቀን በኋላ፣ አንጀቱ ተኝቶ፣ ውሃ ሳይኖር ተልባና ገለባ መጨመር የተዘጋ ቱቦ ላይ ገንፎ እንደማፍሰስ ነው። መጀመሪያ ይከፈት።

ሀያ ሁለት ማዞሪያ

ባክቴሪያ ባክቴሪያ ትላላችሁ፣ እንጀራ እኮ 3 ቀን የቦካ ነገር ነው፣ እርሾ ውስጥ ስንት ቢሊዮን አለ። አበሻ ፕሮባዮቲክ መግዛት ምን አስፈለገው 😂

ከባንኮኒ ጀርባ

ሊጡን ካልጠጣህ በቀር ብሮ። ምጣድ ላይ ያልቃሉ። የጤፍ ጥቅም ሌላ ነው፣ ፍሬዋ ደቃቅ ስለሆነች ገለባዋ ተለይቶ አይወጣም፣ ከነገለባዋ ትፈጫለች፣ ስለዚህ ሆድ ውስጥ ላሉት ባክቴሪያዎች ቀለብ ነው። አዲስ ባክቴሪያ ከማምጣት ያሉትን መቀለብ ይቀላል ባይ ነኝ።

አሁን ስለ መድኃኒቱ፣ እህቴ። የሚገርመው ከድርቀት መድኃኒቶቹ ሁለቱ ራሳቸው ያለ ባክቴሪያ አይሰሩም። ላክቱሎስ የሚባለው ጣፋጭ ሽሮፕ ትንሹ አንጀት የማይፈጨው ስኳር ነው፣ እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፣ ባክቴሪያዎቹ ያብላሉታል፣ አሲድ ይሆናል፣ ውሃ ይስባል፣ ሰገራው ይለሰልሳል። ለዛ ነው መጀመሪያ ቀን ሆድ የሚያንጫጫውና አየር የሚያበዛው፣ ለዛ ነው 1 ወይ 2 ቀን የሚፈልገው። ሰናመኪም እንደዛው፣ ባክቴሪያ ካልሰበረው ዝም ብሎ የሚያልፍ ቅጠል ነው። አንቲባዮቲክ ላይ ከሆነች ሁለቱም ሊደክሙ ይችላሉ ማለት ነው። ቢሳኮዲል ግን ባክቴሪያ አይጠብቅም፣ የአንጀቷ የራሱ ኢንዛይም ይከፍተዋል፣ ነርቩን ቆንጠጥ አርጎ ግፋ ይለዋል፣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። 5 ሚሊግራም ነው ፍሬው፣ ለአዋቂ ማታ 1 ወይ 2 ይታዘዛል። በወተት እንዳትውጠው፣ ሽፋኑ ጨጓራ ውስጥ ይቀልጥና ቁርጠት ነው የሚያተርፋት። እንዳትፈጪውም።

ብዙ ጊዜ ለቪንክሪስቲን ታካሚ የሚሆነው የሚያለሰልስና የሚገፋ አንድ ላይ ነው፣ የሰነፈ አንጀት ላይ ማለስለስ ብቻውን አይበቃም። ግን ዛሬ ዋርዱ ስልክ ደውለሽ፣ ካላነሱ ሄደሽ፣ «ከቪንክሪስቲን 6ኛ ቀኗ ነው፣ አየር አለ፣ ትውከት የለም፣ ጣቷ ደንዝዟል» ብለሽ በዚሁ ቋንቋ ንገሪያቸው። «እናቴ ሆዷ ደርቋል» ስትዪ ውሃ ጠጪ ነው የሚመጣው። ኦንዳንሴትሮኑ በሌላ ይቀየር ወይ ብለሽም ጠይቂ፣ ራስሽ ግን አታቋርጪው። ለአፍ ፈንገስ ኢትራኮናዞል የሚባል ሰጥተዋት ከሆነም ንገሪያቸው፣ ቪንክሪስቲንን ሰውነት ውስጥ አቆይቶ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ስድስቱን ጨርሻለሁ

እኔ ራሴ ቾፕ 6 ዙር ጨርሻለሁ፣ ዛሬ ልደታ ቁጭ ብዬ ይሄን እጽፋለሁ፣ እናትሽንም እንደዛው ያርግልሽ። ፋርማሲስቱ ያላትን ሁሉ ትክክል፣ የጎደለችውን ልጨምር።

በሁለተኛው ዙር 7 ቀን ከደረቀኝ በኋላ ድንገት ቀጭን ውሃ ውሃ ነገር መውጣት ጀመረ፣ ልብስ እስኪነካ። ተመስገን ተከፈተ አልኩ፣ ከዛ በዛብኝና ሰፈሬ ካለ አንድ ፋርማሲ ተቅማጥ ነው ብዬ ማቆሚያ ገዛሁ፣ ሎፕራማይድ፣ ልጁም አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ሰጠኝ። ለካ ተቅማጥ አይደለም፣ የደረቀው እንደ ድንጋይ ቁጭ ብሎ ከኋላው ያለው ውሃ በጎን እያፈተለከ ነው። ማቆሚያውን በላዩ ዋጥኩ። ያቺን ሌሊት ለጠላቴ አልመኝም። እና እናትሽ ላይ ከድርቀት በኋላ ውሃ ውሃ ነገር ካየሽ ለሐኪም ሳትነግሪ ማቆሚያ እንዳትሰጪ።

ከሶስተኛው ጀምሮ ሲስተሯ አዝናልኝ ዘዴ አስያዘችኝ፣ ኬሞውን የወሰድኩ እለት ማታ፣ ገና ሳይደርቅ፣ ቢሳኮዲልና ላክቱሎስ ጀመርኩ፣ እስከ ሳምንት። ደርቆ ማስወጣትና እንዳይደርቅ ማድረግ ሰማይና ምድር ናቸው።

ሽንት ቤቱን በሚመለከት እኔም እንደ እናትሽ ነበርኩ፣ ሰው በሩን ሲነካው በቃ ተመልሶ ይገባል። የሰራልኝ ሰዓት መያዝ ነው። ሆድ የሚነቃው ከቁርስና ከቡና በኋላ ነው፣ ቡና ራሱ ትልቁን አንጀት ያንቀሳቅሳል፣ ስለዚህ አቦሉን ጠጥታ ከ15 እና 20 ደቂቃ በኋላ ትሂድ። ለግቢው ሰው በግልጽ ንገሪያቸው፣ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 የእማማ ነው በያቸው፣ እመኚኝ ማንም እምቢ አይልም፣ ሰዉ እኮ አያውቅም እንጂ አይጨክንም። እኔ ኮንዶሚኒየም ስገባ መቀመጫው ከፍ ያለ ሆነብኝ፣ ከእግሬ ስር ዱካ አስገባሁ፣ ጉልበት ከፍ ሲል መንገዱ ቀጥ ይላል። እናትሽ የምትቀመጠው መሬቱ ላይ ከሆነ እሱ አቀማመጥ ራሱ ጥሩ ነው፣ ግን ጉልበቷ ከደከመ የምትይዘው ነገር ግድግዳው ላይ ይመታላት፣ ከኬሞ በኋላ ማዞር አለ።

ደግሞ ጾም ትጾማለች? እኔ የከበደኝ እሱ ነበር፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ የለም።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ

ትጾማለች እንጂ። ረቡዕና አርብን አልፈታም አለች፣ ዛሬም ረቡዕ ነው፣ እስካሁን ባዶዋን ናት። ትራማዶል የለም፣ ኢትራኮናዞልም የለም። ክኒኑን በሙሉ ግን በወተት ነው የምትውጠው፣ ከጾም ቀን በስተቀር፣ ጨጓራዬን ይይዝልኛል ትላለች። አሁን ልደውል ነው።

ጠጅ ሳር

ልጄ የንስሐ አባቷን ጥሪላት። እኔ ስኳር ሲይዘኝ አባቴ «ልጄ መድኃኒትሽን በሰዓቱ መዋጥ ነው ያንቺ ጾም» ብለው ፈቱኝ። ካንቺ አፍ አትሰማም፣ ከሳቸው ትሰማለች። እርጎውን ትቻለሁ በቃ፣ ተልባውን ግን ሲከፈትላት እመለሳለሁ።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ

ቅዳሜ ጠዋት ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ ቆየሁባችሁ። ረቡዕ ስደውል እንዳላችሁኝ አርጌ ስነግራቸው ድምፃቸው ራሱ ተቀየረ፣ ሐሙስ ጠዋት አምጫት አሉ። ሆዷን አዩ፣ ደም ተሰራ፣ ነጭ ሴሏ ወርዷል፣ ከስር ምንም እንዳታስገቡ አሉን። ላክቱሎስ 20 ሚሊ ጠዋትና ማታ፣ ቢሳኮዲል ማታ 2 ፍሬ። ላክቱሎሱን ሶስተኛው ፋርማሲ ላይ ነው ያገኘሁት። አባታችንም መጡ፣ ብዙም አላወሩም፣ ቁጭ ብለው አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀድተው ፊታቸው አስጠጧት።

የሐሙስ ሌሊት ሆዷ ሲጮህ እኔ እስከምሰማ ድረስ ነበር፣ «ባክቴሪያዎቹ ስራ ገቡ» ስላት «ምን አልሽ?» ብላ ተቆጣች። አርብ ጠዋት ምንም። አርብ ማታ ደገመች። ዛሬ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቀሰቀሰችኝ፣ ባትሪ ይዤ በር ላይ ቆምኩላት፣ ብርዱ አይጣል ነው፣ ግቢው ጭር ብሏል፣ ከውስጥ «ሂጂ አትቁሚብኝ» ትለኛለች። ከዛ ዝም። ከዛ «ተመስገን» ስትል ሰማሁ፣ እኔ እዛው ጨለማ ውስጥ አለቀስኩ። ደም የለውም። ተመልሳ ስትመጣ እጇን ታጥባ ቡና ካላፈላሽ አለች።

ካፕሱሉን ዶክተሩን ጠይቄዋለሁ፣ ኬሞው እስኪያልቅ ይቆይ አለ። ጠጅ ሳር እናቴ፣ ተልባን ሆዷ ከተስተካከለና ውሃ ከጠጣች ትንሽ በትንሹ ትችላለች ብሏል።

ጠጅ ሳር

እልልልልል!

ከባንኮኒ ጀርባ

እንኳን ደስ አለሽ። ቢሳኮዲሉ ካስቀመጣት ቀንሺ፣ ላክቱሎሱን ግን ወዲያው አታቁሚ። አራተኛው ዙር እለት ማታ እንዲጀመር ከአሁኑ ማዘዣውን ያዢ። የጣቷን ነገርስ ነገርሽው?

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ

ነገርኩት፣ ካርዷ ላይ ጻፈው። ከአራተኛው ዙር በፊት እናየዋለን፣ ካስፈለገ የቪንክሪስቲኑን መጠን እንቀንሳለን አለ። ሲኒውን አሁን እኔ ነኝ የምቀዳው፣ እሷ ረከቦቱ ጋ ቁጭ ብላ ሞላሽው፣ አፈሰስሽው እያለች ታዘኛለች።